የኔዘርላንድን የነጻነት መታሰቢያ የብር ሳንቲም እንዴት መርምረን እንግዛ፣ እንዴትስ እናቆየው?

ሚያዝያ 27 ለእኛ የድል ቀን ነው። ለሆላንዶችም እንደዚያው። እኛ ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡበትን ቀን እናስባለን። እነሱ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ዋገኒንገን በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የሆነውን ያስባሉ። የጀርመኑ ጄኔራል ብላስኮቪትስ ከካናዳዊው ጄኔራል ፎልክስ ፊት ቀርቦ ጦሩ እጅ ስለሚሰጥበት ሁኔታ የተነጋገረው እዚያ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1945 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

25ኛው ዓመት ሲደርስ፣ ማለትም በ1970፣ ሀገሪቱ አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም አወጣች። የዋጋ መጠኑ 10 ጊልደር ነው፤ ጊልደር ከዩሮ በፊት የሆላንድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሆላንድ ውስጥ በየሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። በየኢንተርኔት ገበያውም ሞልቷል። እዚያ የሚኖሩ አበሾችም ከጎረቤት አዛውንት በስጦታ ያገኙታል፣ ወይም ዓይናቸው ገብቶ ሊገዙት ይፈልጋሉ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሳንቲም ብርቅ አይደለም። ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። ስለዚህ ገዢን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሐሰተኛ ሳንቲም ሳይሆን ለእውነተኛው ሳንቲም የተጋነነ ዋጋ መክፈል ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው የተጻፈው።

1. የትኛው ሳንቲም እንደሆነ ለዩ

"የነጻነት መታሰቢያ" ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በብዛት የምታገኟቸው ሦስቱ እነዚህ ናቸው።

የመጀመሪያው የ1970ው 10 ጊልደር ነው። ክብደቱ 25 ግራም፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1,000 እጅ 720ው ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ሁለተኛው ለ50ኛው ዓመት በ1995 የወጣው 50 ጊልደር ነው። በክብደትም በስፋትም ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው፤ ብሩ ግን ከ1,000 እጅ 925 ነው። ሦስተኛው በ2005 የወጣው 5 ዩሮ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰላምና ነጻነት ተብሎ የተሠራ። አነስ ያለ ነው፦ 11.9 ግራም፣ 29 ሚሊ ሜትር። ብሩ እዚህም 925 ነው።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ሻጮች የ1970ውን "ዚልቨረን ቲንቸ" ይሉታል፤ የብር አስር እንደማለት ነው። ችግሩ በ1973 የወጣውንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እሱም 10 ጊልደር ነው፣ ክብደቱም ስፋቱም ብሩም አንድ ነው። ነገር ግን የወጣው ንግሥት ዩሊያና የነገሡበትን 25ኛ ዓመት ለማክበር ነው። ከነጻነቱ ጋር አይገናኝም። ሻጩ ሁለቱን ቀላቅሎ ቢያቀርብ ተንኮል ነው ማለት አይደለም፣ ብዙዎቹ ራሳቸው አይለዩትም። እናንተ ግን ዓመቱን አንብቡ።

ሌላው ወጥመድ ከዚህ የባሰ ነው። የግል ድርጅቶች የሚያሠሯቸው ሜዳሊያዎች አሉ። ክብ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ፣ ነጻ የወጣ ሕዝብ ባንዲራ ሲያውለበልብ ያሳያሉ። በሚያምር ሣጥን ይመጣሉ። "የመላኪያውን ብቻ ይክፈሉ" ይባላል፤ ከዚያ በየወሩ ሌላ ይላክና ክፍያ ይጠየቃል። ብዙዎቹ በወርቅ ወይም በብር ቀለም የተለበጠ መዳብ ናቸው። መለያው ቀላል ነው። ሳንቲም ከሆነ የገንዘብ መጠን ተጽፎበታል፦ 10 ጊልደር፣ 50 ጊልደር፣ 5 ዩሮ። ከእነዚህ መታሰቢያዎች መካከል መጠን ያልተጻፈበት ካለ ሜዳሊያ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ለማስታወሻ ከወደዳችሁት ግዙት፣ ግን በሳንቲም ዋጋ አይደለም።

2. ዓይናችሁን ሳንቲሙ ላይ አሳርፉ

ከዚህ በኋላ የማወራው በዋናነት ስለ 1970ው ነው።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ያዙ። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት። መብራቱ ከአንድ ጎን ቢመጣ ይመረጣል። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፤ ጭረት የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

በአንዱ ጎን ንግሥት ዩሊያና አሉ። በሌላው ጎን እናታቸው ዊልሄልሚና። "ዘውድ ወይስ ጎፈር" ብሎ ዕጣ ለመጣል የማይመች ሳንቲም ነው፣ ዞሮ ዞሮ ዘውድ ነው የሚወጣው። የሁለቱ አብሮ መሆን ያለ ምክንያት አይደለም። ዊልሄልሚና በጦርነቱ ዘመን ሎንዶን ተሰደው፣ በሬዲዮ ለሕዝባቸው ይናገሩ የነበሩት ንግሥት ናቸው። በ1948 ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ሳንቲሙ ሲወጣ በሕይወት አልነበሩም፣ በ1962 አርፈዋል።

ቀጥሎ ሁለት ጥቃቅን ምልክቶችን ፈልጉ። አንደኛው እባቦች የተጠመጠሙበት ክንፍ ያለው በትር ነው። የዩትሬክት ገንዘብ ማምረቻ ምልክት ነው። ሁለተኛው አውራ ዶሮ ነው፤ በዚያ ዘመን የማምረቻው ኃላፊ የነበረው ሰው የግል ምልክት። በሆላንድ ልማድ እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱ ምልክት ነበረው። ለዚህ ነው በ1995ቱ ሳንቲም ላይ ዶሮ ሳይሆን ቀስትና ፍላጻ የምታዩት። ዶሮው ትንሽ ነው፣ ግን በደንብ ከተጠበቀ ሳንቲም ላይ ጅራቱ ሳይቀር ይለያል። ተድበስብሶ እንደ ነጠብጣብ ብቻ ከታየ ወይ ሳንቲሙ ብዙ ተነካክቷል፣ ወይ በቅጂ የተሠራ ነው።

ጠርዙንም አዙሩት። "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ይሁን" የሚል የሆላንድኛ ጽሑፍ ዙሪያውን ይዞራል። በማቅለጥ የተሠራ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። ፊትና ጀርባውን አሳምሮ የሠራ ሰው ጠርዙ ላይ ይደክመዋል። ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን የመገጣጠሚያ መስመር ወይም የተሞረደ ቦታ ካያችሁ ሳንቲሙን መልሱ።

ንግሥት ያለበትን ብር ዓይን አፍጥጦ መመርመር ለእኛ አዲስ አይደለም። የቀድሞ ሰዎቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ የማርያ ቴሬዛ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ ከጎደለ አንቀበልም ይላሉ።

3. መዝኑ፣ ለኩ

ሚዛኑ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ መሆን አለበት። የወርቅ ሠሪ ሚዛን የሚባለው ዓይነት፣ በኪስ የሚያዝ። የወጥ ቤት ሚዛን አይሆንም።

መጀመሪያ ሚዛኑን ራሱን ፈትኑት። ከኪሳችሁ አዲስ የ2 ዩሮ ሳንቲም አውጡ። 8.50 ግራም ሊል ይገባል። የ1 ዩሮው 7.50 ነው። ሚዛኑ እነዚህን በትክክል ካላነበበ የሌላውንም አትመኑት።

የ1970ው ሳንቲም 25 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ሁለት አሥረኛ ግራም ወዲህና ወዲያ ቢል አትደንግጡ። ወደ 24 ወይም ወደ 26 ከሄደ ግን ጥያቄ አለ። ስፋቱን በካሊፐር፣ ማለትም ዕቃን በሁለት ጥርስ መካከል ይዞ በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩ፤ 38 ሚሊ ሜትር። የብረት ካሊፐር ከሆነ ጥርሱ ሳንቲሙን እንዳይጭር ቀስ አድርጉት፤ የፕላስቲኩ ይሻላል።

4. የውኃ ምርመራ

ክብደትና ስፋት ብቻውን አያስተማምንም። በተለይ የ1970ውና የ1995ቱ በሁለቱም እኩል ስለሆኑ ብራቸውን አይለይላችሁም። ውኃ ግን ይለያል። አሠራሩ ይህ ነው።

ትንሽ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ውኃው ሳንቲሙን ቆሞ የሚሸፍን ይሁን። የተጣራ ውኃ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ የቧንቧውም ለምርመራ ይበቃል። ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። አሁን ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥሉት። የልብስ ስፌት ክር ይሆናል፤ በጠርዙ ዙሪያ አስራችሁ ሁለት ጊዜ ብታጠላልፉት አይሾልክም። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ አስገቡት። ታችም ጎንም እንዳይነካ። ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ቁሙ፣ ቁጥሩ ሲረጋ አንብቡ።

የምታነቡት የሳንቲሙን ክብደት አይደለም። ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። ለ1970ው 2.50 ግራም አካባቢ ይላል። ለ1995ቱ 2.41 አካባቢ። ብር ከመዳብ ስለሚከብድ፣ ብሩ በበዛ ቁጥር ሳንቲሙ የሚይዘው ቦታ ያንሳል። 25 ግራም የሚመዝን በብር የተለበጠ መዳብ ቢሆን 2.80 አካባቢ ያነብባል። ነሐስ ከሆነ ወደ 2.9 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እስከ 0.01 የሚያነብ ሚዛን በቀላሉ ያሳየዋል።

ቁጥሩ ከፍ ካለባችሁ ቶሎ አትፍረዱ። አውጡትና እንደገና አስገቡት። ሳንቲሙ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ይጨምራል። በተለይ በንግሥቲቱ ፀጉርና በፊደሎቹ ሥር አረፋ ይደበቃል። ውኃው ውስጥ ትንሽ ነቅነቅ ብታደርጉት ይለቃል። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ሦስቱም ተቀራራቢ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው።

ሲያበቃ ሳንቲሙን በለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና ጨርቁን ከላይ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውኃውን አስመጥጡት። አትሹት። ማሸት ጭረት ያመጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። ፕሩፍ የሚባለውን፣ በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ሳንቲም ለዚህ ምርመራ ብላችሁ አታውጡት። ምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እገልጻለሁ።

5. ማግኔት

ይህ ቀላሉ ነው። ጠንካራ ትንሽ ማግኔት አስጠጉ። ብርም መዳብም አይሳብም። ሳንቲሙ ከተሳበ ነገሩ አለቀ። ካልተሳበ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ የተለበጠ መዳብም አይሳብም። ስለዚህ ማግኔት ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይሆንም።

ለመለማመድ ከ1967 ወዲህ የተሠራ አሮጌ 1 ጊልደር ካገኛችሁ ማግኔት አስጠጉለት። ልጥፍ ይላል። በዚያ ዓመት ከብር ወደ ኒኬል ተቀይሯል። የ1970ው መታሰቢያ ሲወጣ ሰው በየዕለቱ ከሚይዘው ጊልደር ውስጥ ብሩ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ሰዉ ተቀብሎ ሳያወጣው መሳቢያ ውስጥ የከተተው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። በጀርመን ወረራ ዘመን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ብሩ ከገበያ ወጥቶ ሕዝቡ በዚንክ ሳንቲም ነበር የሚገበያየው። ጥቁር ግራጫ፣ ቀላል፣ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ከእነዚያ የዚንክ ሳንቲሞች አንዷን በጥቂት ሳንቲም ገዝታችሁ ከ1970ው ጎን ብታስቀምጧት የመታሰቢያው ትርጉም በደንብ ይገባችኋል። እኔ የምመክረው ጥንድ ይህ ነው።

6. ዋጋውን ራሳችሁ አስሉ

ሻጭ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ቁጥር በወረቀት ያዙ።

የ1970ው ሳንቲም ውስጥ 18 ግራም ንጹሕ ብር አለ። 25 ሲባዛ በ0.72 ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ነው፤ አንዱ 31.1 ግራም ገደማ። ስለዚህ ሳንቲሙ ውስጥ ያለው 0.579 አውንስ ነው። የዕለቱን የአውንስ ዋጋ ከኢንተርኔት አውጡና በ0.579 አባዙ። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዩሮ ቢሆን ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር 17 ዩሮ ከ37 ሳንቲም ያወጣል። የብር ዋጋ ስለሚዋዥቅ የባለፈውን ወር ሒሳብ ይዛችሁ አትሂዱ።

ለ1995ቱ የምታባዙት በ0.7435 ነው። ለ2005ቱ 5 ዩሮ በ0.354።

ይህ ቁጥር የሳንቲሙ መሠረት ነው። ተራ የ1970 ሳንቲም በብሩ ዋጋ አካባቢ ነው መግዛት ያለባችሁ። ትንሽ ጨምሩ ቢሏችሁ ሻጩም መብላት አለበትና ያስኬዳል። እጥፍ ከጠሩባችሁ ግን ምስጋና አቅርባችሁ ሂዱ። ነገ ሌላ ቦታ ይገኛል። 6 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል ብያለሁ።

"10 ጊልደርነቱስ?" የሚል አይጠፋም። ጊልደር በ2002 መጀመሪያ ከገበያ ወጥቷል። የጊልደር ሳንቲሞችን ወደ ዩሮ የመቀየሪያው ጊዜም በ2007 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል። የወረቀት ገንዘቡን ማዕከላዊው ባንክ እስከ 2032 መጀመሪያ ይቀበላል፤ ሳንቲሙን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ሻጩ "ይኼ እኮ ገንዘብ ነው" ካላችሁ ፈገግ በሉ። ቢቀየር እንኳ በተወሰነው ምንዛሪ 4 ዩሮ ከ54 ነበር የሚያወጣው።

የ2005ቱ 5 ዩሮ በዚህ ይለያል። አሁንም 5 ዩሮ ነው፤ ግን ኔዘርላንድ ውስጥ ብቻ። ጀርመን ወይም ጣሊያን ብትወስዱት ማንም የመቀበል ግዴታ የለበትም። የመታሰቢያ 5 ዩሮ ስትገዙ ሌላም ነገር ተጠንቀቁ። በኋላ ከመጡት ውስጥ ተራዎቹ በብር የተለበጠ መዳብ ናቸው። መልካቸው ብር፣ ሆዳቸው መዳብ። የብሩን መጠን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

7. ፕሩፍ ነው ሲሏችሁ

ከ1970ው ውስጥ ወደ 20 ሺህ ገደማ የሚሆነው ለሰብሳቢ ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ የተሠራ ነው። ፕሩፍ ይባላል። የሚቀረጸው በተወለወለ ቅርጽና በተወለወለ ብር ላይ ነው። ከብሩ ዋጋ በላይ መክፈል ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህም ነው ውሸት የሚበዛበት።

ልዩነቱን ለማየት ጽሑፍ የታተመበትን ወረቀት ከሳንቲሙ አጠገብ አቁሙ። በፕሩፉ ባዶ ቦታ ላይ ፊደሎቹ ተገልብጠው ይነበባሉ። በተራው ላይ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ በማጉያው የፊደሎቹን ሥር ተመልከቱ። ፕሩፍ ከሆነ ማብረቅረቁ እስከ ፊደሉ ግርጌ ይደርሳል፤ የፊደሉም ጠርዝ ስል ነው።

አንዳንዱ ተራውን ሳንቲም በመወልወያ አሽቶ "ፕሩፍ" ይላል። ይህ ይታወቃል። የታሸ ሳንቲም ከላይ ያበራል፣ በፊደሎቹ መካከልና ሥር ግን ደብዛዛ ነው፤ ጨርቁ እዚያ አይገባማ። መብራት ሥር ስታዘነብሉት ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመው ታያላችሁ። እንዲህ ያለው ሳንቲም ከተራውም ያነሰ ነው።

ተራውን በተመለከተ፣ ሳንቲሞቹ በከረጢት ተጭነው ስለተላኩ በንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ትናንሽ የመጋጨት ምልክቶች መኖራቸው የተለመደ ነው። ጉንጯ ንጹሕ የሆነ ካገኛችሁ ምረጡት። በተመሳሳይ ዋጋ የተሻለውን መውሰድ መብታችሁ ነው።

8. የት ይገዛል?

ሳንቲም ነጋዴ ጋ መሄድ የሚያስተማምነው ነው። ብዙ ጊዜ ሳንቲሞቹ በአንድ ሣህን ተከምረው ታገኛላችሁ፤ አገላብጣችሁ ምረጡ። ርካሹ መንገድ ግን ሌላ ነው። ኤፕሪል 27፣ የንጉሡ ቀን፣ ሆላንዶች የቤታቸውን ዕቃ አውጥተው መንገድ ላይ ይሸጣሉ። ያለ ፈቃድና ያለ ሱቅ። ከአያት የቀረ ሳንቲም በብስኩት ቆርቆሮ ይቀርባል። ከነጻነት ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ መሆኑም ለፈላጊ ይመቻል። ማግኔትና ኪስ ሚዛን ይዛችሁ ውጡ፤ ግን አዛውንት ፊት ውኃና ክር አታውጡ፣ ነውር ነው።

በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ አራት ፎቶ ጠይቁ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ሚዛን ላይ ያለውን። ፎቶው የሌላ ሳንቲም እንዳይሆን የዛሬው ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ለምኑት። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሰበብ ካበዛ ተዉት። ቅርብ ከሆነ በአካል ተቀበሉና እዚያው ክፈሉ።

"የምስክር ወረቀት አለው" ለሚለው ነገር ብዙ ቦታ አትስጡ። ወረቀት ከሳንቲም ይልቅ በቀላሉ ይሠራል። "የተወሰነ ቁጥር ብቻ" የሚለውም እንዲሁ፤ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

9. አታጽዱት

ብር ይጠቁራል። አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ይሆናል። ሰብሳቢዎች ይህን ቀለም ይወዱታል። ያልተነካካ መሆኑን ይመሰክራል።

እኛ ዘንድ ብር ጠቆረ ሲባል ወዲያው አመድና ሎሚ ይታሰባል። ለጌጥ ይሆናል፣ ለሳንቲም ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ሶዳ፣ የብር መወልወያ፣ ሁሉም የላይኛውን ንጣፍ ይልጡታል። አንዴ ከተላጠ አይመለስም።

የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው። ሳንቲሙ በርካሽ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ቆይቶ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ከያዘ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነከር አድርጉት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም፤ እሱ ዘይትና ሽቶ አለበት። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አታስጠጉ፣ ዕቃው የመስታወት ይሁን። ከዚያ በተጣራ ውኃ አለቅልቃችሁ እንዳለ ተዉት ይድረቅ።

10. ማስቀመጫ

ለ38 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክብ የአክሪሊክ ክዳን ግዙ። ሳንቲም ነጋዴዎች ካፕሱል ይሉታል። ዋጋው ትንሽ ነው። ልስልስ ያለና የፕላስቲክ ሽታ ያለው ኪስ ግን ቤታችሁ አይግባ፤ አረንጓዴው ነገር የሚመጣው ከእሱ ነው።

ሳንቲሙን ከጎማ ማሰሪያ፣ ከጋዜጣ፣ ከሱፍ ጨርቅና ከጥሬ እንጨት መሳቢያ አርቁት። እነዚህ ሁሉ ብር የሚያጠቁር ወይም የሚጎዳ ነገር ያወጣሉ። ወጥ ቤትም አይሆንም። ደረቅ ቁም ሣጥን፣ ከዚያም ከጫማ ሣጥን ውስጥ የምታገኟት እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት። ከረጢቷን አልፎ አልፎ ቀይሯት።

አብራችሁ ቁራጭ ካርድ አስቀምጡ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደመዘነ፣ ውኃ ውስጥ ስንት እንዳነበበ፣ መቼና በስንት እንደተገዛ ጻፉበት። በአማርኛም በሆላንድኛም ቢሆን ይመረጣል፤ ልጆቻችሁ አንዱን ላያነቡት ይችላሉ።

11. ስትሸጡ

ቀን መርጣችሁ ሽጡ። የብር ዋጋ ከፍ ባለበት ሳምንት ሒዱ፤ በ6ኛው ላይ ያለውን ሒሳብ እንደገና ሥሩ። ነጋዴ ከብሩ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገዛው፣ ሥራው ነው። ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ቦታ ጠይቁ። ግለሰብ ሰብሳቢ የተሻለ ይከፍላል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል።

የ1970ውንና የ1995ቱን ቀላቅላችሁ በአንድ ላይ አታስመዝኑ። ሁለቱም 25 ግራም ስለሆኑ ሚዛኑ ላይ አይለዩም። ሁሉም በ720 ከተሰላ በእያንዳንዱ የ1995 ሳንቲም 5 ግራም ያህል ብር በነጻ ትሰጣላችሁ። ፕሩፍ ካላችሁም ለየብቻ አቅርቡ፤ ከተራው ጋር በኪሎ ከሄደ ቀለጠ ማለት ነው። ነጋዴው ሲመዝን ቁጥሩ ወደ እናንተ እንዲዞር ጠይቁ። እምቢ ካለ ሳንቲሙን ወደ ካፕሱሉ መልሱና ሁለተኛው ቤት ሂዱ።